ማን አሳየሽ?

ሦስት ሳምንት ሙሉ ክር ሲበጠስ ከረመ፤
ማሽኑ ይጮኻል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይነሳል እንደታመመ።
ሙሕዬ አሰን፣ የፈረቃ መሪው፣
ክሩን አስቀየረ፣ ሞተሩን አስፈታው፣
መጨረሻ ላይ "የልጆቹ እጅ ነው" አለ፤
ከየደመወዛችን መቶ መቶ ብር ጎደለ።

እኔ የምመላለሰው ከደሴ ነው።
ጎህ ሳይቀድ ሰርቪሱ ከሰኞ ገበያ ሲያነሳኝ
የጦሳ ጉም ነው የሚያለብሰኝ፤
ሐረጎን ስንወርድ፣ ጥምዝ በጥምዝ፣
ጉሙ ከኋላ ይቀራል፣ እንደ ሸኚ ሲተክዝ፤
ኮምቦልቻ ስንደርስ ከንፈሬ ይሰነጠቃል።
አንድ ቀን ደሙን ስልሰው መጣብኝ፦
የእኔ ሥጋ እንዲህ ከደረቀ፣ ክሩስ ምን ይሆናል?

መሰላል ለምኜ ጣራው ሥር ወጣሁ፤
እርጥበት የሚረጩትን አፍንጫዎች አየሁ።
ሃያ አራት ናቸው፤ አሥራ ዘጠኙ ታፍነዋል፣
የጉድጓዱ ውሃ ኖራ ጋግሮባቸዋል።
በኮምጣጤ ዘፈዘፍኩ፣ በመርፌ ወጋሁ፣
ሁለት ሌሊት ሙሉ አንገቴን እንዳቀናሁ።
በሦስተኛው ሌሊት አዳራሹ ውስጥ እንደ ካፊያ ወረደ፤
ክሩ ለሰለሰ፤ ማሽኑ ሳይቆም ነጋ፣ ሳይቆም መሸ፣ ሳይቆም ሄደ።

ስብሰባ ተጠራ። ኬክ ተቆረሰ፣ ሚሪንዳ ተቀዳ።
ሥራ አስኪያጁ ቆሙ፦
"ለዚህ ያበቃን የሙሕዬ አመራር፣ የሙሕዬ ጭንቅላት፤
ሉባባንም አንርሳ፤ መቼስ ዕድል ሆኖ ቀናት።"
ከኋላ አንዱ አከለ፦ "ኧረ እሷ ወንድ ናት!"
ተጨበጨበ።
እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርገው እጄን፤
ወንድ ለመባል ነው ወይ ያደማሁት ጣቴን?
እሱ ሠርተፍኬቱን ይዞ ፎቶ ሲነሳ
አበባውን ያዢ አሉኝ። እስኪጨርስ ያዝኩለት።

ሪፖርቱ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፦
"ብልሽቱ ተለየ። አፍንጫው ተጠረገ። ምርቱ ጨመረ።"
ተለየ፤ ማን ለየው? ተጠረገ፤ በማን ጥፍር?
የአማርኛ ግሥ ጉድ ነው፣ ባለቤቱን ይውጥና ያድራል ሳይናገር።
ከግርጌ ፊርማ አለ፤ ፊርማው የሱ ነው።
"ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ" ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር፤
ለካ የሪፖርት አጻጻፍ መመሪያ ነው።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት።
እናቴ ለብቻዋ አምስት ልጅ ያሳደገች፣
ሸርፍ ተራ ሸቀጥ ነግዳ ቆርቆሮ ቤቷን ያቆመች፤
ሰማችኝ፣ እጄን ዳበሰች፣ "አብሽሪ ልጄ" አለች።
ቀጥሎ ግን፣ በፍቅር፣ ልቧ ሞልቶ በደስታ፣
"ማን አሳየሽ?" አለችኝ በዚያ ማታ።
የሙሕዬ እንደዚያ አልቆረቆረኝም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ንጹሕ ሆኜ አይደለም።
ባለፈው ሐሙስ፣ ከገባች ገና ሁለት ወሯ፣
ዘሐራ እንድሪስ፣ ሐርቡ ነው አገሯ፣
ቁጥር አርባ አንድን፣ ሁላችን የተውነውን፣
ጆሮዋን አስጠግታ፣ ማርሹን ሰምታ፣ ሰምታ፣ አስነሳችው።
እኔ ምን ብላት ጥሩ ነው?
"ዕድለኛ ነሽ።"
ከአፌ ወጣ። ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲጠፋ አየሁ፤
ያንን አበባ፣ ያዢ ብዬ፣ ለሷ ሰጠሁ።

ሌሊቱን ተመለስኩ። የፈረቃውን መዝገብ ገለጥኩ።
በሙሕዬ እጅ ተጽፏል፦ "ቁጥር አርባ አንድ ተነሳ።"
አልሰረዝኩም። ከጎኑ፣ በዘይት በራሰ እስክሪብቶ፣ ጨመርኩ፦
"ዘሐራ እንድሪስ አስነሳችው።"
ቃሉ ሠንጠረዡን አልፎ ሄደ፤ ቦታ አልበቃውም።
"ች"ዋን ደጋግሜ ጻፍኩባት፣ ወረቀቱ እስኪሳሳ፤
በሚቀጥለው ገጽ፣ ገና ማንም ባልነካው፣
ጠባሳዋ ይዳሰሳል።